ከካኪ ኮት የተሰፉ ቦርሳዎች

ያስገቡኝ ክፍል እስር ቤት ከመሆኑ በፊት የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የነቀዝ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ ከቁመት በላይ፣ ግድግዳው ላይ የጆንያ ቁጥር በከሰል ተጽፎ ቀርቷል። ግቢው ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ያለ ነው፤ የጋሪ ፈረሶች ኮቴ እስከ ውስጥ ይሰማል። ሰው እንደ ልቡ ሲሄድ እየሰሙ መቀመጥ መጀመሪያ መጀመሪያ ያሳብዳል፤ ኋላ ይለመዳል።

የምርጫው ዓመት ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ወንጀሌ ስፌት ነበር። ቡሬ ውስጥ የእግር መኪና ይዤ ቀሚስና ቁምጣ የምሰፋ ሴት ነኝ። ለሰልፍ ነው ብለው አረንጓዴ፣ ብጫና ቀይ ጨርቅ አምጥተው «ቀጥይልን» ሲሉኝ ቀጠልሁ። በኋላ የያዙኝ ሰዎች «ኮከቡ የት አለ?» አሉኝ። «ጨርቁን ያመጡት ሰዎች ኮከብ አላመጡልኝም» አልኋቸው። ያሳሰረችኝ ይች ምላሴ ናት እንጅ ባንዲራውንማ ስንቱ ሰፍቶታል።

ቦታ ያስያዘችኝ አንዲት የጅጋ ሴት ናት። አረቄ ስትሸጥ ሰው ተደባድቦባት የገባች፣ ድምጿ ጎርናና፣ ሳቋ ከበር የሚያልፍ። «ነይ ነይ፣ አንች ባለ ባንዲራ! እዚህ እግር ይታጠፋል እንጅ አይዘረጋም» አለችኝና ፍራሿን ጠጋ አደረገችልኝ። ከእሷ ቀጥሎ አንዲት ሽበታም እናት የነጠላቸውን ዘርፍ እየቋጩ ተቀምጠዋል። ሁላችንም እናታለም እንላቸው ነበር፤ እኔም እዚህ እንደዚያው ልበላቸው።

እናታለም ከወምበርማ ገጠር ናቸው፤ ከሽንዲ ወዲያ ብዙ በእግር የሚያስኬድ አገር። መጀመሪያ ያየሁባቸው እጃቸውን ነው። በግራ ነው የሚሠሩት። ገጠር ግራኝ ልጅ ተቆጥቶም ተመቶም ወደ ቀኝ ይመለሳል። «አባቴ እጄን በመቀነት አስረውት ነበር» አሉኝ ስጠይቃቸው፤ «እጁ እምቢ አላቸው።»

እሳቸው የታሰሩት ስለ ልጃቸው ነው። ያላቸው አንድ ልጅ ነው። ከምርጫው ግርግር በኋላ የአባቱን ጠመንጃ ይዞ ጠፋ፤ እሱ ሲታጣ እናቱን አመጧቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ መርማሪው ያስጠራቸዋል። የሚላቸው ሁሌም አንድ ነገር ነው፤ «ልጅሽን አምጭና ቤትሽ ግቢ።» የሚመልሱትም አንድ ነው፤ «የት እንዳለ አላውቅም።» ጧት ይሄዳሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆመው ይመለሳሉ። መትተዋቸው አያውቁም። ያቆሟቸዋል ብቻ። ሲመለሱ እግራቸው ከማበጡ የተነሳ የፕላስቲክ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው።

«እውነት የት እንዳለ አያውቁም?» አልኋቸው አንድ ቀን፣ ጆሯቸው ሥር ጠጋ ብዬ።

«ባውቅስ ልጄ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅኋቸውም።

እሑድ የጠያቂ ቀን ነው። ጠያቂ ያለው እንጀራውን በልቶ ሳሙናውን ይዞ ይገባል። ጠያቂ የሌለው የሚሰጠውን ዳቦና ሻይ ታቅፎ የሰው ሳሙና ያያል። ከመካከላችን አገሯ ሩቅ የሆነ፣ ማንም የማይመጣላት አንዲት ልጅ ነበረች። የወር አበባዋ ሲመጣ የምትይዘው ጨርቅ አጥታ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፤ ሁለት ሦስት ቀን አትነሳም። ሽንት ቤት እንኳ ሁላችንም እስክንተኛ ትጠብቃለች። እሷን ሳይ ነው ደሜ የፈላው። ስፌት የምችል ሴት ቁጭ ብዬ አንዲት ልጅ በጨርቅ እጦት ትፈር?

ለጠባቂያችን ነገርኋት። ጠባቂዋ ፊቷን አትፈታም እንጅ ሰው ናት። «ዕቃ ቤት ባለቤት የሌለው ልብስ አለ» አለችኝ፤ «የተፈታ የረሳው፣ የተዛወረ የተወው። አይጥ ከሚበላው ውሰዱት።» አንድ ጆንያ ሙሉ አመጣችልን። ሦስት መርፌም ሰጠችን፤ ማታ ማታ ቆጥራ ትረከበናለች። መቀስ ክልክል ስለሆነ በግማሽ ምላጭ ነበር የምንቆርጠው፣ እሷ ቆማ እያየች።

ለስላሳ ለስላሳውን ለልጅቱና ለመሰሎቿ አጥበን አጣጠፍን። ጠንካራውን የትከሻ ቦርሳ አደረግነው። አሮጌውን ልብስ እንተረትራለን፣ ክሩን ሳይቀር እንጠቀልላለን፣ ውስጡን በማዳበሪያ ጆንያ ገበር እናደርግለታለን። ማንገቻው የእናታለም ድርሻ ነበር፤ ክብደት የሚይዘው እሱ ነውና። እሳቸው የያዙት ማንገቻ ጎረምሳ ቢንጠለጠልበት አይላቀቅም። እሑድ ጠያቂዎች በር ላይ ይገዙናል፤ የተገኘው ጠያቂ ለሌላቸው ሳሙናና ስኳር፣ ለወንዶቹም ክፍል ይተርፋል። የጅጋዋ «ታስረን ነጋዴ ሆንን፤ ስንፈታ ምን ልንሆን ነው?» እያለች ታስቀናለች። ልጅቱም ከጥጓ ተነስታ ክር ማጠንጠን ጀመረች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኩራት ተሰማኝ። እስር ቤት ውስጥ ኩራት አደገኛ ነገር ነው፤ ዓይን ይጋርዳል።

ሁለተኛው ጆንያ የመጣ ዕለት ከላይ የወጣው ካኪ ኮት ነበር። የገጠር ወንድ የሚለብሰው ዓይነት፣ ኪሱ ዙሪያውን በመኪና የተጠለፈ። ጨርቁ ደህና ነው። ሌላው እስኪታጠብ እንኳ አልታገሥሁም። ጀርባው ላይ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች፤ ዙሪያዋ እንደ ዝገት ጠቁሯል። አይጥ ነው አልሁ። ቀዳዳዋ ያለችበትን ቁራጭ ወደ ጎን ጥዬ ከግራም ከቀኝም ቆረጥሁ። እናታለም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ማንገቻ ይሰፋሉ።

«እንዴት ያለ ካኪ ነው እናታለም! ሦስት ቦርሳ ይወጣዋል» አልኋቸው።

«ይወጣዋል» አሉ።

ከጀርባው ግማሽ የተሰፋው ቦርሳ እሑድ ተሸጠ። ከፊቱ የተሰፋው ሁለተኛው ገና በእጃችን ነው። ሰኞ እጅጌዎቹን ለመተርተር ተቀመጥሁ። የቀኙ እጅጌ ክርኑ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ተጥፎበታል። ጥፈቱን ልፈታ ምላጩን ሳስጠጋ ክሩ የገበያ ክር አይደለም፤ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነው፣ ድርብ። ስፌቱ ደግሞ ያዘነበለው በተቃራኒ ነው። የቀኝ እጅ ሰው ሲሰፋ ክሩ ወደ አንድ ወገን ይጋደማል፤ የግራኝ ወደ ሌላው። ይህን ሰፊ ያልሆነ ሰው ላያየው ይችላል። እኔ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ያየሁት ስፌት ነው። ቦርሳ መስፋት ከጀመርን ወዲህ ደግሞ በየቀኑ ይህንኑ ስፌት ማንገቻ ላይ አይቻለሁ።

ቀና አልሁ። ያች ግራ እጅ መርፌዋን ይዛ ትመላለሳለች።

ያኔ ቀዳዳዋ ትዝ አለችኝ። የአይጥ አይደለችም፤ የጥይት ናት። ባለቤት የሌለው ከተባለው ልብስ መካከል የተገደለ ሰው ልብስም እንዳለበት ያኔ ገባኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሚለቀም አልነበረም። የሰውን ልጅ፣ ያውም የእሳቸውን ልጅ ልብስ፣ ከፊታቸው ቁጭ ብዬ በምላጭ ቆራርጫለሁ። እጅጌውን ጠቅልዬ ከፍራሼ ሥር ወሸቅሁና «ራሴን አመመኝ» ብዬ ተኛሁ።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በዋዛ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ትልልቅ ሰዎች ይጠራሉ፣ ባለመርዶው ከቤቱ ሳይወጣ በማለዳ ይሄዱበታል። ደጋፊ ከግራ ከቀኝ ይቀመጣል። እዚህ ዘመድ የት አለ? ሽማግሌስ? እኔስ ማን ነኝ? ደግሞ ማን ያውቃል፣ ኮቱን ለሌላ ሰጥቶት ይሆናል እልና ራሴን አታልላለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ፈርቼ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ጠሯቸው። ሲሄዱ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ አልይዝ አለ። እዚያ ቆመው «አላውቅም» የሚሉለት ልጅ የለም፤ እኔ ይህን እያወቅሁ እሳቸው በዚያ እግር ይቆማሉ። መርማሪው ያውቅ ይሆን? አላውቅም። አንዱ ቢሮ የሚያውቀውን ሌላው አያውቅ ይሆናል፤ ወይም ያውቃል። ዛሬም ድረስ መልሱን አላገኘሁትም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ውኃ አቀረብሁላቸው።

«ዛሬስ ምን አሉዎት?»

«ያንኑ ነው። አምጭ አሉኝ።»

«እርስዎስ?»

«አላውቅም አልሁ።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «አንችስ ልጄ፣ የምትነግሪኝ ነገር የለም?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። «እኔ ምን እነግርዎታለሁ እናታለም። ይልቅ እግርዎን ልሽዎት» አልሁ። እግራቸውን ዘረጉልኝ። ሳሽ ቆየሁ።

ረቡዕ አልቻልሁም። ውኃ ልንቀዳ ስንወጣ ለጅጋዋ ሹክ አልኋት። እንደ ልማዷ ትቀልዳለች ብዬ ነበር። ባልዲውን አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከሰኞ።»

«ወይ አንች! መርዶ ይነገራል እንጅ በፍራሽ ሥር ይታቀፋል? ለሞተ ልጅ ሲቆሙ ዋሉ እኮ!»

«ዘመድ የላቸውም እዚህ፤ ማን ይሰበሰባል?»

«እኛስ?» አለችኝ። «እኛ ምን ሆነን?»

ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል፣ ቆጠራ ሳይደርስ፣ አንድ ባንድ ተነሳን። ነጠላችንን ለብሰን በእናታለም ዙሪያ ተቀመጥን። ያች ጠያቂ የሌላት ልጅ ከግራቸው፣ የጅጋዋ ከቀኛቸው። ተኝተው መስሎን ነበር፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነው። ተነሱና በጣሳ ከነበረው ውኃ ፊታቸውን አባበሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ዙሪያውን አዩን።

«ሁላችሁም ናችሁ?»

«ሁላችንም ነን እናታለም» አለች የጅጋዋ። እንደዚያ ቀጥኖ የወጣ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም።

«እንግዲያ ንገሩኝ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እጅጌውን ከፍራሼ ሥር አውጥቼ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጥሁ። «ልጅዎ ዐርፏል እናታለም። ኮቱ ከጀርባው ተበስቷል። እግዜር ያጽናዎት» አልሁ።

እጅጌውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጥፈቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ከጆንያው ሲወጣ አይቸዋለሁ» አሉ።

እጅጌውን ጉልበታቸው ላይ መልሰው ዘረጉት።

«ያን ዕለት አይቸዋለሁ። ሸጦት ይሆናል፣ ለጓደኛው ደርቦለት ይሆናል አልሁ። ቀዳዳዋንም አየኋት። እጅጌውን ይዘሽ ፊትሽ ሲጠቁር ግን ገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አልሁ እያለቀስሁ። «ስቆርጠው ምነው እጄን አልያዙኝም?»

«ምን ብዬ? መርዶ ሳይነገረኝ ባለቅስ በገዛ አፌ ገደልሁት ማለት አይደለም? እናት በልጇ ታሟርታለች? ሰው እስኪነግረኝ ጠበቅሁ። መርማሪው ይነግረኝ ይሆናል ብዬ ማክሰኞ ቆሜ ዋልሁ፤ አልነገረኝም። ተመልሼ አንችን ጠየቅሁሽ።» ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ቀን ለቅሶዬን ያዝሽብኝ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ አለቀሱ። መጮህ ክልክል ስለሆነ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ነው ያለቀሱት። እኛም እንደዚያው። የጅጋዋ ሙሾ ስታወርድ ድምፅ አልነበራትም፤ ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ እኛም ከንፈሯን እያየን እንቀበላለን። ሰው እንዲህ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ እንዳላይም እለምናለሁ። ጠባቂዋ በሩን በዱላ መታች።

«ምንድን ነው?»

«ለቅሶ ነው» አለች የጅጋዋ።

«ድምፅ አታውጡ» አለች ጠባቂዋ ከበሩ ወዲያ። የዚያን ቀን ቆጠራ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው የተደረገው።

ሲረፍድ እናታለም «ልብሱን ስጡኝ» አሉ። የገጠር ለቅሶ እንዲህ ነው፤ የሟች ልብስ ይወጣል፣ ይዘረጋል፣ በእሱ ላይ ይለቀሳል። አስከሬን ለሌለው ደግሞ ያለው ልብሱ ብቻ ነው። እሱንም እኔ ቦርሳ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛውን ቦርሳ ፈታን፣ ገበሩን አወጣን፣ ከቁርጥራጩ ውስጥ ቀዳዳ ያለባትን ፈልገን አገኘን። ሦስቱም መርፌ ያን ቀን ለኮቱ ዋለ። እኔ አንገቱንና ትከሻውን ያዝሁ፤ የጅጋዋ ጎኑን። እጅጌዎቹን እናታለም ራሳቸው ገጠሙ። የተሸጠው የጀርባው ግማሽ ግን ከየት ይምጣ? ነጠላዬን ቆርጬ በቦታው አስገባሁበት። ካኪው ላይ ነጩ ጉልህ ሆኖ ታየ።

«ቀዳዳዋን ልድፈናት?» አልኋቸው።

«ተይያት» አሉ።

ዓርብ ጧት እንደወትሮው ስማቸው ተጠራ። ኮቱን በክንዳቸው ላይ አጥፈው ተነሱ። ጠባቂዋ አየችው፤ «ምንድን ነው?» ልትል ጀምራ ተወችው። እኛ በሩን እያየን ቀረን። ቦርሳም አልሰፋን፣ ወሬም አላወራን። እኩለ ቀን ሳይሆን ተመለሱ። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነበር።

«ምን አሉዎት?» አልን ሁላችንም ባንድ አፍ።

«ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ልጅሽን አምጭ ስትለኝ ከረምህ፤ ይኸው አመጣሁልህ አልሁት።»

«እሱስ?»

«አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ 'ቁጭ በይ' አለኝ።» ኮቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «ስንት ወር ሙሉ አቁሞኝ ዛሬ ቁጭ በይ አለኝ።»

«ተቀመጡ?»

«አልተቀመጥሁም። መቆሙን ለምጀዋለሁ አልሁትና ኮቴን አንስቼ መጣሁ።»

ከዚያ ወዲህ አልጠሯቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈቷቸው። ለምን እንደታሰሩም ለምን እንደተፈቱም የነገራቸው የለም። ኮቱን ደርበውት ሲወጡ ያ ነጭ ጨርቅ ከጀርባቸው እስከ ግቢው በር ድረስ ታየኝ። «ይቅር በሉኝ» ብያቸው ነበር ሲሰናበቱኝ። «ይቅር ብየሻለሁ፤ የፈራሽው ለእኔው ብለሽ ነው» አሉኝ። ይቅርታቸው ልቤ ውስጥ አልገባ ብሎ ስንት ዘመን ተቸግሬአለሁ።

እኔም በመንፈቁ ወጣሁ። ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ ለሁለት ቅዳሜ የሴቱን ሁሉ ትከሻ እያየሁ ዞርሁ። ያን የተሸጠ ቦርሳ አግኝቼ ለእናታለም ልወስድላቸው ነበር። አላገኘሁትም። ወምበርማ የደረስሁት ዘግይቼ ነው፤ እሳቸውም ዐርፈው የልጃቸው አስከሬን ከሌለበት መቃብር አጠገብ ተቀብረዋል፤ ስማቸውም ከስሙ ሥር ተጽፏል። እዚያ ሜዳ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም በር ሳይመታብኝ፣ እንደ ልቤ ጮኼ አለቀስሁ።

አሁንም ቡሬ ነኝ፤ አሁንም እሰፋለሁ። በሰፈራችን ሰው ሞቶ መርዶ ሲዘጋጅ ጎረቤቱ ይመካከራል። «ዛሬ ደክሟታል፣ ነገ ይነገራት» ይላል አንዱ። «እሑድ ይሁን፣ ወንድሟ ይድረስ» ይላል ሌላው። እኔ ብቻ «ዛሬ፣ አሁን» እላለሁ፤ ሁሉም ፊቱን ያጠቁርብኛል። ልቧ ደንዳና ነው፣ እስር ቤት አጨከናት ይሉኛል አሉ። ይበሉ። እነሱ አንዲት እናት ልጇ መሞቱን እያወቀች የሚነግራት ሰው አጥታ ሦስት ቀን ቦርሳ ስትሰፋ አላዩም።